ለመጀመሪያ ጊዜ ለምስክርነት ሲጠሩ፦ ከመጥሪያው እስከ ችሎቱ

አንድ ሰው ከሳሽም ተከሳሽም ሳይሆን ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። ጎረቤቱ ሲደበደብ ያየ፣ በሬ የሚነዱ ሌቦች በሌሊት ሲያልፉ ያጋጠመው፣ የወሰን ድንጋይ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ተተከለ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ቀን በስሙ መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ማኅተም ያለበት ወረቀት በፖሊስ ወይም በቀበሌ ሰው እጅ ሲመጣ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ “እኔ ምን አጠፋሁ?” የሚለው ጥያቄም ይቀድማል። የምስክር መጥሪያ ግን ክስ አይደለም። ያዩትን ወይም የሰሙትን ቀርበው እንዲናገሩ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

በውጭ አገር ፊልሞች አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ክርክሩን ሲያዳምጡና “ጥፋተኛ ነው” ወይም “አይደለም” ሲሉ ያየ ሰው፣ እሱም ለዚያ የተጠራ ሊመስለው ይችላል። የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን “ጁሪ ተጠራሁ” ሲሉ የሚያወሩት ስለዚያ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም መርምረው የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። ተራው ሕዝብ በፍርድ ሥራ ውስጥ ያለው ትልቁ ድርሻ ምስክርነት ነው። በቀደመው ዘመን በአውጫጭኝ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቆይ፣ የቀረውም ይቀጣ ነበር። ዛሬ አገር ምድሩ አይጠራም፤ የሚጠራው ነገሩን ያውቃል የተባለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህም የአንዱ ሰው መቅረት ብቻውን አንድን መዝገብ ሊያቆም ይችላል።

መጥሪያውን ማንበብ

መጥሪያው ሲደርስዎ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ፤ ይዘቱን ሳያውቁ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡት። ልብ ሊሉት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የፍርድ ቤቱ ስም ነው። የወረዳ ፍርድ ቤትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ከገጠር በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ምስክር በማይመለከተው ግቢ ሲጠብቅ ውሎ ሰዓቱ የሚያልፍበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው የመዝገብ ቁጥሩ ነው። በግቢው ውስጥ የሚያገኙት ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ቁጥር ነው፤ መጥሪያውን ራሱን ይዘው መሄድ ይሻላል። ቀኑና ሰዓቱ በእኛው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ “ጠዋት 3፡00” የሚል ከሆነ ከዚያ ቀደም ብሎ መድረስ እንጂ በ3፡00 ከቤት መነሣት አይደለም።

የጠራዎ ማን እንደሆነም ይወቁ። በወንጀል ጉዳይ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ወይም የተከሳሹ የመከላከያ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ደግሞ የከሳሽ ወይም የተከሳሽ ምስክር። ግዴታው በሁሉም አንድ ነው። የመከላከያ ምስክር ሆኖ መቅረብ ለወንጀለኛ መቆም ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅና የራሱን መከላከያ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። ምስክር ካልቀረበለት ይህ መብት የወረቀት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የመቅረት ነገር በተለይ በአዝመራ ወቅት ከባድ ጥያቄ ነው። እህሉ አውድማ ላይ ሳለ፣ ደመና እየከበደ፣ ቀኑን ሙሉ ለሰው ጉዳይ መዋል የሚያስቆጭ መሆኑን ማንም ይረዳል። ሆኖም መጥሪያ የደረሰው ምስክር ያለ በቂ ምክንያት ሲቀር ፍርድ ቤቱ ፖሊስ “ታስሮ ይቅረብ” ብሎ ሊያዝበት ይችላል፤ በሕግ ተጠርቶ አለመቅረብ ራሱን ችሎ የሚያስቀጣ ጥፋትም ነው። አንድ ቀን ሥራ ላለመፍታት የቀረ ሰው በመጨረሻ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈታል። ሕመም፣ ሐዘን ወይም ሌላ የማይታለፍ ነገር ካጋጠመዎ ከቀጠሮው ቀን በፊት ለጠራዎ ዐቃቤ ሕግ፣ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ወይም መጥሪያውን ላመጣልዎ ፖሊስ ያሳውቁ፤ የሕክምና ማስረጃ ካለም ይላኩ። ዳኛ የሚቆጣው ሳይናገር በቀረው ላይ ነው።

በፋብሪካ፣ በድርጅት ወይም በመደብር ተቀጥረው የሚሠሩ የከተማ ነዋሪዎች ለአሠሪያቸው መጥሪያውን በማሳየት ለምስክርነቱ የሚውለውን ጊዜ ከክፍያ ጋር ፈቃድ የመጠየቅ መብት አላቸው። ከችሎት ሲወጡም የቀረቡበትን ቀን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከሬጅስትራር መጠየቅ ነው። የጉዞ ወጪን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር ምስክር የሚጠራው ወገን የምስክሩን ወጪ አስቀድሞ በፍርድ ቤት በኩል እንዲያስይዝ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይደነግጋል። ከዚህ ውጭ ግን ከተከራካሪ እጅ በድብቅ የሚሰጥ ብር፣ “ለምሳ” ተብሎ ቢሆንም፣ መቀበል አይገባም። መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ “ስንት ተከፈለህ?” ተብሎ የሚጠየቀው በዚሁ ነው፤ እውነቱን የተናገረ ሰው እንኳ ቃሉ በአንድ ምሳ ሊረክስበት ይችላል።

በግቢው ውስጥ

ስለ አለባበስ የሚጨነቁ አሉ። ልዩ ልብስ አያስፈልግም፤ ንጹሕና ጨዋ የሆነ ይበቃል። ዱላና ስለት ያለው ነገር በር ላይ ስለሚያስቀር ከቤት ይዞ አለመውጣት ይቀላል። መታወቂያ ይያዙ። ጠበቃ ማቆም አያስፈልግዎም፤ ምስክር የሚከራከረው ነገር የለውም።

እንደ ደረሱ ለጠራዎ ወገን ወይም ለችሎቱ ሠራተኛ መምጣትዎን ያሳውቁና ይጠብቁ። ጥበቃው ረጅም ሊሆን ይችላል። አንድ ችሎት በአንድ ጠዋት ብዙ መዝገቦችን ስለሚያይ የእርስዎ ተራ እስከ ቀትር፣ አልፎም ከሰዓት በኋላ ሊዘገይ ይችላል። ስንቅ ይዞ የመጣ አያፍርም። ምስክሮች በተለመደው አሠራር ስማቸው እስኪጠራ ከችሎት ውጭ ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ምስክር ሲናገር ሁለተኛው ሰምቶ ቃሉን እንዳያስተካክል ነው። በዚሁ ምክንያት በጥበቃው ሰዓት ከሌሎች ምስክሮች ጋር ስለ ነገሩ መነጋገር አይገባም። ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ማውራት ይቻላል። የሦስት ምስክሮች ቃል እስከ ቃላቱ ድረስ አንድ ዓይነት ሲሆን ዳኞች የሚጠረጥሩት ተስማምተው እንደመጡ ነው፤ እውነት የሚናገሩ ሦስት ሰዎች አንዱን ነገር ከሦስት ቦታ ቆመው ስላዩት ቃላቸው መጠነኛ ልዩነት አያጣውም።

ስምዎ ሲጠራ “አቤት” ብለው ይግቡ። ስልክዎን ያጥፉ። ዳኞች ሲገቡና ሲወጡ ከመቀመጫ መነሣት፣ ሳይፈቀድ አለመናገር፣ ከተከሳሽም ከተጎጂ ቤተሰብም ጋር ቃል አለመለዋወጥ የችሎት ወግ ነው። ችሎት መድፈር እዚያው ስለሚያስቀጣ በሌላው ወገን ቢሰደቡ እንኳ መልስ ሳይሰጡ ለዳኛው ማመልከት ይሻላል።

ቃል ሲሰጡ

መጀመሪያ ስምዎን፣ ዕድሜዎን፣ ሥራዎንና አድራሻዎን ይጠየቃሉ። ቀጥሎ እውነቱን ለመናገር እንደ ሃይማኖትዎ ይምላሉ ወይም በማረጋገጫ ቃል ይገባሉ። ተከሳሹን ያውቁት እንደሆነ፣ ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለዎም ይጠየቃሉ። የአክስት ልጅ መሆን ምስክርነትን አይከለክልም፤ ዝምድናን መደበቅ ግን የቀረውን ቃል ሁሉ ያጠለሻል። ያለውን እንዳለ መናገር ነው።

የጠራዎ ወገን በምን ጉዳይ ላይ እንደሚመሰክሩ ለችሎቱ በአጭሩ ካስያዘ በኋላ ዋናውን ጥያቄ ይጀምራል። ይህ ወገን መልሱን አፍዎ ላይ የሚያስቀምጥ ጥያቄ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም። “ተከሳሹ በዱላ ሲመታው አይተሃል አይደል?” ማለት አይችልም፤ “ምን አየህ?” ማለት ግን ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራስዎ አነጋገር መንገር የሚኖርብዎ እርስዎ ነዎት። ቀጥሎ ተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል። እዚህ ላይ መሪ ጥያቄ ተፈቅዷል፤ “ጨለማ ስለነበር መለየት አትችልም ነበር” እየተባለ ይገፋሉ። በዚህ የሚናደዱ ምስክሮች ብዙ ናቸው፤ እንደ ስድብም ይወስዱታል። ጠበቃው ግን የሚሠራው ሥራውን ነው። መልሱ አጭር ይሁን፤ ካዩ “አይቻለሁ”፣ ካላዩ “አላየሁም”፣ ካላስታወሱ “አላስታውስም”። ከዚያ የጠራዎ ወገን የተድበሰበሰ ነገር ካለ በድጋሚ ጥያቄ ያጠራል፤ ዳኞችም በማንኛውም ጊዜ የማጣሪያ ጥያቄ ሊያቀርቡ ይችላሉ።

ገበሬን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የሰዓት፣ የቀንና የርቀት ጥያቄ ነው። “ስንት ሜትር ነበር?” ሲባል የማያውቁትን ቁጥር መጥራት የለብዎም። “ከዚህ ከቆምሁበት እስከ በሩ ሁለት እጥፍ ያህላል” ማለት በግምት ከተወረወረ ሃምሳ ሜትር ይልቅ ለዳኛ ይጠቅማል። ሰዓት ካላዩ “ከብት መግቢያ ላይ ነበር”፣ “ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ ነው” ይበሉ። ቀኑን በበዓል ወይም በገበያ ማስታወስም ያው ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ያለ ሰው ኅዳር 13 ቀን ማለቱ ነው። የሚያውቁትን በሚያውቁበት መለኪያ ይናገሩ። ቁጥር ፈጥሮ መናገር እውነተኛውን ምስክር እንደ ሐሰተኛ ያስቆጥረዋል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነውና።

በዓይን ያዩትንና ሰው የነገረዎትን ለይተው ያስቀምጡ። ሕጉ ምስክር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያወቀውን እንዲጠየቅ ስለሚፈቅድ፣ የሰሙትን መናገር ክልክል አይደለም፤ “እገሌ ሲናገር ሰማሁ” ብሎ ምንጩን መግለጥ ነው። አገር ያወራውን ራስ ያየው አስመስሎ ማቅረብ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

ለፖሊስ አስቀድመው የሰጡት ቃልም በመዝገብ ላይ ይገኛል። ከወራት በፊት በጣቢያ ፈርመው ወይም አሻራ አኑረው የሰጡት ያ ቃል በችሎት ከሚናገሩት ጋር ሊመሳከርና ታማኝነትዎን ለማጠየቅ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ በጣቢያ ቃልዎ ሲጻፍ ከመፈረም በፊት እንዲነበብልዎ መጠየቅ ኋላ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል። በከባድ የግድያና በከባድ የውንብድና ክሶች ሕጉ ቀዳሚ ምርመራ ስለሚያዝ፣ በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት መቆም ሊያጋጥምዎ ይችላል።

ቃሉን ዳኛው በእጅ የሚጽፉበት ችሎት ከሆነ ብዕሩን እየተመለከቱ ቀስ ብለው ይናገሩ። በራስ መነቅነቅ የተሰጠ መልስ በመዝገብ ላይ አይሰፍርም። በችሎቱ ቋንቋ አፍ ካልፈቱ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በክልላችን ኽምጣንኛ፣ አዊኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ወገኖች ስላሉ ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። “አማርኛ እሰማለሁ” ብሎ በግማሽ ከመግባባት በአፍ መፍቻ ቋንቋ አሟልቶ መናገር ይበልጣል።

ሽማግሌዎች ሲመጡ

በገጠራችን ምስክርን የሚፈትነው ትልቁ ነገር ከችሎቱ በፊት በቤቱ የሚሆነው ነው። ሰው ተገድሏል ወይም ተደብድቧል፤ ሁለቱ ወገኖች እርቅ ተቀምጠዋል፤ ካሳ ተቆርጧል። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው የተከበሩ አባቶች ወደ ምስክሩ ቤት ይመጡና “ደሙ ደርቋል፤ አንተ ምስክርነትህን ብትተው ምን አለበት? አገር ታርቆ አንተ ለምን ታፈርሳለህ?” ይሉታል። እምቢ ለማለት ከባድ ነው። የመጡት የንስሐ አባቱ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ልጁን ያጠመቁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉና።

የሽምግልናን ጥቅም ማንም አይክድም። ቂም በቀል ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳይተላለፍ ሽማግሌ የሚሠራውን ሥራ ፍርድ ቤት ሊሠራው አይችልም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ቀላል ጥፋቶች በእርቅ ሊያልቁም ይችላሉ። ግድያና ሌሎች ከባድ ወንጀሎች ግን የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ከሳሹ መንግሥት ስለሆነ እርቁ ክሱን አያስቀረውም። ካሳ መክፈልና መጸጸት ለጥፋተኛው ቅጣት ማቅለያ ሊሆኑለት ይችላሉ፤ ይህን የሚመዝኑት ደግሞ ዳኞች ናቸው። እንግዲህ ሽማግሌው እርቁን ሲያጸና፣ ምስክሩም እውነቱን ሲናገር አንዱ የሌላውን ሥራ አያፈርስም። ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት ሊባል የሚችለው ይኸው ነው፦ “እርቁ ይጽና፤ እኔ የምናገረው ዳኛ ሲጠይቀኝ ነው፤ የምምለውም በፈጣሪ ስም ነው።”

ምስክሩ “አላየሁም” ብሎ ቢመለስስ? ዐቃቤ ሕግ በሌላ ማስረጃ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። ምስክሩ ግን ለፖሊስ የሰጠው ቃል መዝገብ ላይ ነው፤ እያወቀ እውነቱን የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ምስክር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በእስራት ይቀጣል፤ ነገሩ ሲከብድም ቅጣቱ እስከ ጽኑ እስራት ይደርሳል። በሽማግሌ ቃል ዝም ያለ ሰው ለዚህ ቅጣት ብቻውን ይቆማል፤ አብሮት የሚታሰር አስታራቂ የለም። ከዚህም የሚብሰው የሟች ወገን ከፍርድ ቤት ያጣውን በጠመንጃ ሊፈልግ መነሣቱ ነው፤ እርቁ ሊያስቀረው የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

በመሬት ክርክር ያለው ፈተና መልኩ ይለያል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው “አባቴ ያርሰው እንደነበር መስክርልኝ” የሚል ዘመድ ነው። የይዞታ ደብተሩ በሌላ ሰው ስም መሆኑን እያወቁ ለወገን ብሎ መመስከር፣ አንድን ቤተሰብ ከነልጆቹ ከሚበላበት ማሳ ማስነሣት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች” ሲሉ እንዲህ ያለውን ነጠቃ በደንብ ያውቁታል።

ሥጋት ካለብዎ

የሚፈራ ምስክር ፈሪ ነው ማለት አይደለም። ተከሳሹ በዋስ ወጥቶ በአንድ መንደር የሚኖር ሊሆን ይችላል፤ ወንድሞቹ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ። ምስክርን ማስፈራራት፣ መደለልና ማጥቃት ራሳቸውን የቻሉ ወንጀሎች ናቸው። ማስፈራሪያ ሲደርስብዎ በማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደተነገረዎ አስታውሰው ወዲያው ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ያመልክቱ፤ በስልክ የመጣ መልእክት ከሆነ አያጥፉት።

ለከባድ ጉዳዮች በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ። አዋጁ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ያለ ምስክሩ ቃል ወንጀሉን ማስረዳት በማይቻልበትና በምስክሩ ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ መኖሩ ሲታመን ይሠራል። ከጥበቃዎቹ መካከል የአካልና የንብረት ጥበቃ፣ የመኖሪያ ቦታ መለወጥ፣ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ መመስከር ይገኛሉ። ጥበቃው እንዲሁ የሚታደል ስላልሆነ ሥጋትዎን ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድመው፣ ከቀጠሮው ቀን በፊት መናገር አለብዎ። ልጆች ተጎጂ ወይም ምስክር በሚሆኑባቸው ጉዳዮች፣ በተለይ በጾታዊ ጥቃት፣ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ልጁ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይተያይ በሌላ ክፍል ሆኖ በቪዲዮ ቃሉን የሚሰጥበት አሠራር አላቸው፤ ወላጆች ይህን መጠየቅ ይችላሉ።

ቃልዎን ጨርሰው ዳኛው “ተሰናብተሃል” ወይም “ተሰናብተሻል” እስኪሉ ድረስ ከግቢው አይሂዱ፤ ለተጨማሪ ጥያቄ ሊፈለጉ ይችላሉ። ተከሳሹ ባለመቅረቡ፣ ሌላ ምስክር በመጥፋቱ ወይም ጊዜ በማጠሩ ቃልዎን ሳይሰጡ ቀጠሮ ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ አዲሱ ቀን በችሎት በቃል ሊነገርዎ ስለሚችል ሌላ መጥሪያ እስኪመጣ አይጠብቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመዝገብ ቁጥሩን በመጥሪያው ጀርባ ላይ ይጻፉ ወይም ያስጽፉ። ፍርድ ቤቶች በክረምት ለእረፍት ሲዘጉ አስቸኳይ ያልሆኑ ጉዳዮች ወደ መኸሩ ሊሸጋገሩ ስለሚችሉም፣ ከአጨዳው ጋር የሚጋጭ ቀን ከተሰጠ እዚያው ችሎት ላይ እጅ አውጥቶ ማሳወቅ ይቻላል።